ቀለም መሆኑ የታወቀ ደም፦ የብዝበዛ ፊልሞችን የሚዘክሩ ሥራዎች ለምን ይማርካሉ?

በልጅነቴ ሐረር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ገብቼ አላውቅም። ለሴት ልጅ እዚያ መታየት ነውር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሳንቲሙን ከፍሎ ሲገባ እኔ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ተቀምጬ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል አዳምጥ ነበር። የማዳምጠው የፊልሙን ድምፅ ብቻ አልነበረም። ከውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ፊልሙን በአማርኛ፣ አንዳንዴም ኦሮምኛና ሐረሪ እየቀላቀለ ይተርክ ነበር። «አሁን መጣላችሁ፤ ያ ወንድሙን የገደለበት ሰውዬ ነው። አትፍሩ፣ ዋናው አይሞትም» ይላል። ሰይፍ ሲመዘዝ ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ደም ሲረጭ ይስቃል። እኔ ያን ሳቅ ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ፣ ሰው ሲሞት እንዴት ይሳቃል እያልሁ እገረም ነበር።

ያ ጥያቄ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ስጀምር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣብኝ። በዕድሜ የምቀራረባቸው ጓደኞቼ፣ ከእነሱም ጥቂት የማይባሉ ሴቶች፣ የኩዌንቲን ታራንቲኖን «ኪል ቢል» እና «ጃንጎ አንቼይንድ»፣ መሰሎቻቸውንም ደጋግመው ያያሉ፤ ንግግሮቹን በቃላቸው ይዘዋል። እነዚህ ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። በዚህች አገር ባለፉት ዓመታት የሆነውን አይተው የከረሙ፣ አንዳንዶቹም ዘመድ የቀበሩ ናቸው። ታዲያ እጅና እግር እየተቆረጠ ደም እንደ ምንጭ የሚፈልቅበትን ፊልም ለምን ይወዱታል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሰነዝረው አስተያየት፣ ማራኪነቱ ከጭካኔው ሳይሆን ፊልሙ ከተመልካቹ ጋር ከሚገባው ውል ይመነጫል የሚል ነው። የውሉ ቃል «የምታየው ደም ደም አይደለም» የሚል ነው። ይህ ውል በእኛ አገር የተለየ ዋጋ አለው። ሆኖም ውሉ የሚሸፍነው ዕዳም አለ፤ ስለዚያም ዝም ማለት አይገባም ባይ ነኝ። (ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «የብዝበዛ ፊልም» የምለው በእንግሊዝኛ ኤክስፕሎይቴሽን የሚባለውን ዘውግ ነው። የሆሊውድ ነባር የቁጥጥር ደንብ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ ከተተካ በኋላ፣ በትንሽ ገንዘብና በአጭር ጊዜ እየተሠሩ፣ ወሲብን፣ ጭካኔንና የዘር ጥላቻን በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ እየሰቀሉ ተመልካች የሚጠሩ ፊልሞች በርካሽ ሲኒማ ቤቶች በዙ። በእንግሊዝኛው አነጋገር የሚበዘበዘው ርዕሰ ጉዳዩ ነው፤ ሰው የሚጓጓለትን ነገር ይዞ መነገድ ማለት ነው። አማርኛው ግን የበለጠ ሐቀኛ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ «ብዝበዛ» ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ ሰውን በሰው ላይ የሚያነሣ ቃል ነው፤ ሲጠራ «ማን በዝባዥ? ማን ተበዝባዥ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ይህ ጥያቄ ከዚህ በታች ደጋግሞ ይመጣል። እነዚህን ፊልሞች በአክብሮት እየመሰሉና እየጠቀሱ ዛሬ የሚሠሩትን ደግሞ «ዝክር ፊልሞች» እላቸዋለሁ።

1973 የዘውጉ የመኸር ዓመት ነበር ለማለት ይቻላል። በጃፓን ቶሺያ ፉጂታ «ሌዲ ስኖውብላድ»ን፣ በአሜሪካ ጃክ ሂል ፓም ግሪየርን ይዞ «ኮፊ»ን አወጡ። በስዊድን ቦ አርነ ቪቤኒየስ የሠራው፣ ተደፍራና አንድ ዓይኗን አጥታ በቀሏን የምትወጣ ወጣት ታሪክ የሚተርከው «ትሪለር» የዚያው ዓመት ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ «ኪል ቢል» ሲመጣ፣ ከጃፓኑ ፊልም በበረዶ ላይ የሚደረገውን ፍልሚያ፣ ከስዊድኑ ደግሞ አንድ ዓይኗን የሸፈነች ሴት ወሰደ።

በዚያው 1973 ኢትዮጵያም የዚህ ዘውግ መድረክ ሆናለች። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው ፊልም፣ የጎርደን ፓርክስ የ1971 «ሻፍት» ሁለተኛ ተከታይ ክፍል ሆኖ በጆን ጊለርሚን አዘጋጅነት እዚህ አገራችን ውስጥ ተቀርጿል። በሪቻርድ ራውንድትሪ የተወከለው የኒው ዮርኩ የግል መርማሪ አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ እየወሰዱ እንደ ባሪያ የሚያሠሩ ነጋዴዎችን ለማጋለጥ ተቀጥሮ፣ ድኻ የአገሬው ሰው መስሎ፣ በዱላው ውስጥ ካሜራ ደብቆ ይጓዛል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ዛሬም በበረሃና በባሕር የሚያልቁ ወጣቶቻችንን ያስታውሳል። ፊልሙ ግን መሬቱን፣ ሰማዩንና ሕዝቡን ለጀርባ ሥዕል ነው የተጠቀመባቸው። አለሜ የምትባለው የአሚሩ ልጅ እንኳ የተወከለችው በአሜሪካዊቷ ቮኔታ ማጊ ነው። ከሁሉም የሚቆረቁረኝ የግርዛቱ ነገር ነው። አለሜ ልትገረዝ ነው፤ ይህ ጉዳይ በፊልሙ ውስጥ መርማሪው እሷን አግባብቶ አልጋ ላይ ለማውጣት መንገድ የሚጠርግ ጨዋታ ይሆናል። በእኛ ምሥራቁ ክፍል የስንት ሴቶች ሰውነት የሚያውቀው ሥቃይ ለአንድ የፍቅር ትዕይንት ማጣፈጫ ሆነ ማለት ነው። ይህን ፊልም ስመለከት ሳቅሁም፣ ሙዚቃውንም ወደድሁት፤ በዚያች ትዕይንት ላይ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ስለ ሙዚቃው ካነሣሁ አይቀር፣ ጆኒ ፔት ለፊልሙ የደረሰው፣ በስሙ ላይ «አዲስ» የሚል ቃል የታከለበት ቅንብር በ2006 ጄይ ዚ ላወጣው ዘፈን መሠረት ሆኗል። በዚያ ዘፈን የጨፈሩት ሚሊዮኖች «አዲስ» የከተማ ስም መሆኑን አያውቁም። ጥፋት ነው ብዬ አልከስም። ነገር ግን ዝክር ምቱን ይዞ ቦታውን እንዴት እንደሚጥል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ፊልሙ ለእይታ በበቃበት ዓመት ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት ያሳየበት ዘገባ በጥቅምት ወር 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ከዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ያው ዘገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የቀረበው ግን እንደነበረ አልነበረም፤ የተራቡት ሰዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ተቀናብሮ ነበር። የረሃቡ መደበቅ እውነት ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። ቢሆንም በዚያ ምሽት በስክሪኑ ላይ ሲያልፉ የታዩት እናቶች ምስላቸው ለምን እንደሚውል የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቀይ ሽብር የገደላቸውን ወጣቶች ጽሑፍ ለጥፎባቸው ጎዳና ላይ አሰጣቸው። አስከሬን ጎዳና ላይ የሚያሰጣ ሰው ተመልካች ይፈልጋል። በዚህች አገር የብዝበዛ ትርኢት ከሲኒማ ቤት ይልቅ በአደባባይና በመንግሥት ማሠራጫ ሲታይ ኖሯል የምለው ለዚህ ነው፤ በዚያ ትርኢት ውስጥ ደግሞ ደሙ ቀለም አልነበረም።

ውል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ከሲኒማ ይልቅ የሚቀርበኝ ምሳሌ እዚሁ ከተማዬ ውስጥ አለ። ከመሸ በኋላ ከጀጎል ግንብ ውጭ የጅብ ማብላት ትርኢት ይካሄዳል። ጅብ አብሊው በአጭር እንጨት ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ፣ ጅቡን ፊቱ ድረስ ያስጠጋዋል። እንግዳው ይጮኻል፤ ይስቃል፤ ከዚያም እንጨቱን ራሱ ሊነክስ ይለምናል። የሐረር ልጅ ግን አይጮኽም። ጅቡ፣ በአሚር ኑር ዘመን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተገነባው ግንብ ሥር «ዋራባ ኑዱል» በሚባሉት ቀዳዳዎች ሌሊት እየገባ የከተማዋን ትራፊ ሲለቅም የኖረ፣ በአሹራ ገንፎ የሚቀርብለት ጎረቤት ነው። ጥርሱ እውነተኛ ነው፤ የእንግዳውም ፍርሃት እውነተኛ ነው። ሆኖም በሰውየውና በአውሬው መካከል በብዙ ሌሊት የተሠራ መተማመን አለ፤ እንግዳው የሚከፍለው ያን መተማመን ተጠግቶ ለመፍራት ነው። ገጠር መንገድ ላይ ጅብ ሲመጣበት ገንዘብ ከፍሎ የሚያይ የለም።

ዝክር ፊልሞች ይህን መተማመን የሚሠሩበት ዘዴ ከቀደምቶቻቸው ይለያል። በ2003 በወጣው የ«ኪል ቢል» የመጀመሪያ ክፍል፣ ሙሽራይቱ ብቻዋን በሰይፍ አንድ ሠራዊት በምትፈጅበት ረጅም ትዕይንት መካከል፣ ለአሜሪካ ተመልካች በቀረበው ቅጂ ምስሉ በድንገት ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል። ደሙ ጥቁር ይሆናል። ከቁጥጥር ዓይን ለማምለጥ ረድቶ ይሆናል፤ በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ግን ከዚያ ያለፈ ነው፤ «ይህ ሥዕል ነው» ይላል። ታራንቲኖና ሮበርት ሮድሪጌዝ በ2007 ባወጡት «ግራይንድሃውስ» ደግሞ የፊልሙ ገጽ ሆን ተብሎ ተጭሯል፤ በመካከሉም አንድ ጥቅል ጠፍቷል ተብሎ ታሪኩ ተዘልሎ ይቀጥላል። በድሮዎቹ ፊልሞች ላይ ጭረቱ የመጣው ቅጂው ከሲኒማ ቤት ሲኒማ ቤት ሲንከራተት ስላረጀ ነው። በዝክሩ ላይ ጭረቱ ተገዝቶ የተጨመረ ነው። እኔ ይህን ጭረት ባየሁ ቁጥር ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ የሰማሁት ድምፅ ትዝ ይለኛል፦ አትፍሩ፣ ዋናው አይሞትም።

የዚህን ቃል ዋጋ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በየስልካችን የገባውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሲረሸን፣ ሲቃጠል፣ ሲጎተት የሚያሳዩ ምስሎች ማንም ሳይጠይቃቸው ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። የሚቀርጹት ብዙ ጊዜ ገዳዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ዘፈን ተጭኖበታል፤ ከሥሩ የሚሳለቅ አለ፣ «ይበላቸው» የሚል አለ። ቋንቋው እየተሰማ የእገሌ ወገን ነው እየተባለ ይላካል። ያየ ሰው አንዱን ከሁለት እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ወይ ያለቅሳል ወይ ይደነድናል። በዚያ ሰሞን አብራኝ የምትኖር አንዲት ተማሪ ስልኳን ዘግታ «ኪል ቢል»ን ከፈተች። እንዴት ይሄን ታያለሽ ብላት፣ «እነዚህ ቢያንስ ካሜራው ሲጠፋ ተነሥተው ምሳቸውን ይበላሉ» አለችኝ። ስለ ዝክር ፊልሞች ማራኪነት ያነበብኋቸው ጽሑፎች ስለ ትዝታ፣ ስለ ምጸት፣ ስለ ፊልም አዋቂነት ኩራት ብዙ ይላሉ፤ ይህን ያለ ግን አላገኘሁም። ናፍቆት ለዚህች ልጅ ምኗ ነው? የ1970ዎቹን የኒው ዮርክ ሲኒማ ቤቶች አታውቃቸውም። እሷ የፈለገችው፣ ሞት አንድ ሰው አስቦበት የሠራው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ የሞተውም የሚነሣበት ነገር እንዲሆን ነው።

እንዲህ ያለው ፊልም ልብን ያደነዝዛል የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ረጅም ክርክር ነው፤ እዚህ የምፈታውም አይደለም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰይፍ ሲመዘዝ ያጨበጨቡት ልጆች ዛሬ ሹፌር፣ አስተማሪና ነጋዴ ሆነዋል፤ ልባቸውን ያደነዘዘው ነገር ካለ ከሰይፉ ፊልም በኋላ የመጣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ለዝክር ፊልሞች ጠበቃ ቆሜያለሁ። አሁን ወደ ዕዳው ልመለስ። ውሉ «ደሙ ደም አይደለም» ይላል እንጂ «ማንም አልተጎዳም» ማለቱን ማን መረመረ? የ«ኪል ቢል» ዋና ተዋናይት ኡማ ተርማን በ2018 በይፋ እንደተናገረችው፣ ደኅንነቱ ያሰጋትን መኪና በቀረጻው ላይ እንድትነዳ ተገፋፍታ ከዛፍ ጋር ተጋጭታለች፤ አንገቷና ጉልበቷም ተጎድቷል። የአደጋውን ምስል ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባታል። ታራንቲኖም ድርጊቱ እንደሚጸጽተው ተናግሯል። እንግዲህ ሴት በደል ያደረሱባትን ሁሉ የምትበቀልበት ፊልም ሲሠራ ቀለሙ ለወንዶቹ፣ ጉዳቱ ለሴቲቱ ደረሰ። ዝክሩ ከቀደምቶቹ የወረሰው የበረዶውን ፍልሚያና የተሸፈነውን ዓይን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የጥንቶቹ ደግሞ ከዚህ የከፋ ታሪክ አላቸው። ያኮፔቲና ፕሮስፔሪ በ1966 ያወጡት «አፍሪካ አዲዮ» እውነተኛ የአፍሪካውያንን ግድያና አስከሬን እየቀረጸ ለገበያ አቅርቧል፤ ያኮፔቲ ለቀረጻ ሲሉ በግድያ ተባብረዋል ተብሎ በአገሩ ተከስሶ ነጻ ወጥቷል። እንደዚያ ያለው ሥራ ዛሬ ስንት ዓይነት የአጻጻፍ ስልትና ሙዚቃ እንዳበረከተ የሚዘረዝር አድናቂ አይጠፋም። የአስከሬኖቹን ስም የሚዘረዝር ግን የለም።

ለዚህ ዕዳ ከሁሉ ቀድሞ መልስ የሰጠው የእኛው ሰው መሆኑ ብዙ አይነገርም። ኃይሌ ገሪማ ከጎንደር ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያጠና፣ ጥቁሮችን እንደ ወንበዴና እንደ ጀግና ወንበዴ የሚሸጡት የብዝበዛ ፊልሞች ከተማውን አጥለቅልቀው ነበር። እሱና ጓደኞቹ በዚያ ላይ ተነሡ። በ1970ዎቹ የሠራው «ቡሽ ማማ» የሚከፈተው ፖሊሶች የራሱን የቀረጻ ቡድን ጎዳና ላይ አስቁመው ሲፈትሹ በሚያሳይ እውነተኛ ምስል ነው። ተመልካቹን «አትፍራ» አይለውም። የ1993 «ሳንኮፋ»ም እንደዚያው ነው፤ ነፍሰ ጡር ባሪያ ስትገረፍ ሌሎቹ ባሪያዎች ቆመው እንዲያዩ ይገደዳሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር እንቆማለን። በዚያ ፊልም ውስጥ መዝናናት የሚቻልበት ማእዘን የለም። አከፋፋይ ሲያጣ ኃይሌ ራሱ ከከተማ ከተማ እያዞረ አሳየው።

«ሳንኮፋ»ን ከ«ጃንጎ አንቼይንድ» ጋር ማነጻጸር ለዚህ ጽሑፍ ዋና ፈተና ነው። ሁለቱም ስለ አሜሪካ ባርነት ናቸው። የ2012ቱ «ጃንጎ» ስሙን ከሰርጂዮ ኮርቡቺ የ1966 ጣሊያናዊ የካውቦይ ፊልም ወስዶ፣ የያኔውን ዋና ተዋናይ ፍራንኮ ኔሮንም ለጥቂት ደቂቃ አስገብቶታል። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደም እንዳለ ማንም ልብ ይላል። ባሪያው በውሾች ሲቦጫጨቅ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ሙዚቃም አያጅበውም፤ ማንም አይስቅም። ጃንጎ በመጨረሻ ጌቶቹን ሲፈጅ ግን ደሙ እንደ ቀይ ጠለል ግድግዳውን ያጥበዋል፤ ተመልካቹም ይደሰታል። ሰውየው በአንዱ ፊልም ውስጥ ሁለት ውል ለመፈረም ሞክሯል። ተሳክቶለታል ወይ? ለእኔ በግማሽ። የውሾቹ ትዕይንት የሚጎዳውን ሰው ስሙን ሰማን፣ ማንነቱን ግን አላወቅነውም፤ የሚሞተው ጃንጎ ምን ያህል ራሱን እንደሚገዛ ለማሳየት ነው። ኃይሌ ይህን አያደርግም። ይሁንና እውነቱን መናገር ካለብኝ «ሳንኮፋ»ን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ «ጃንጎ»ን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ከሁለቱ የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ማወቅና ማታ ሲደክም የሚከፈተው የቱ እንደሆነ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊልም ሐያስያን ሁለተኛውን ሲያፍሩበት አያለሁ፤ እኔ ማፈሩ ጥናቱን ያበላሻል ባይ ነኝ።

ከኢትዮጵያ ምድር የተነሣ ዝክርም አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 «ክራምብስ»ን፣ በ2019 ደግሞ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» የሚል ትርጉም ያለውን ፊልም በዳንኤል ታደሰ ዋና ተዋናይነት ሠርቷል። ሁለተኛው የርካሽ ስለላና የኩንግ ፉ ፊልሞች ዝክር ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ የስታሊን ጭንብል ሳይቀር ያጠልቃሉ፤ ንግግሩ ሁሉ እንደ ድሮዎቹ የተተረጎሙ ፊልሞች ከአፍ ጋር በማይገጥም ድምፅ በላዩ ላይ ተጭኗል። ፊልሙ ሁሉ ቦታ ላይ አልጣመኝም፤ አንዳንዱ ቀልድ የተሠራው ለአውሮፓ የፊልም ፌስቲቫል ተመልካች ይመስላል። ነገር ግን ለሻፍት ማለፊያ ከሆነችው ኢትዮጵያ የወጣ ሰው እዚህ ሰላዩን ራሱን ሆኖ መጥቷል። ያ ከአፍ ጋር የማይገጥም ድምፅ ደግሞ ለሐረር ልጅ ባዕድ አይደለም። እኛ ከዚያ ሌላ ድምፅ አልነበረንም።

ድምፁን ፍለጋ ባለፈው ክረምት በቪዲዮ ቤቶች ሲተርኩ የነበሩ ሁለት ሰዎችን አገኘሁ። ሁለቱም ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል። አንደኛው ዛሬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስፌቱን ሳያቋርጡ ነበር ያነጋገሩኝ። «ጋሼ፣ ፊልሙን እንዳለ ነበር የሚተርኩት?» አልኋቸው። «እንዳለማ ቢሆን እኔ ለምን አስፈለግሁ ልጄ?» አሉኝ። ሴት የምትደፈርበት ትዕይንት ሲመጣ ወደፊት እንደሚያስሮጡት፣ ምን እንደሆነ በሁለት ቃል ነግረው እንደሚያልፉት፣ ተመልካቹ ቢያጉረመርምም እንዳልመለሱት አጫወቱኝ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ «ውጭ የሚሰሙ ልጆች ነበሩ» አሉ። ከቆርቆሮው ጀርባ ስለተቀመጥሁት ስለ እኔ እንደሆነ አልነገርኋቸውም፤ የሚያውቁም አይመስለኝም።

በሌላ ቀን ኮምፒዩተሬን ይዤ ሄጄ የ«ኪል ቢል»ን የመጀመሪያ ክፍል አብረን ተመለከትን። ፊልሙን ከዚያ በፊት አላዩትም። ከእንግሊዝኛው ይልቅ ምስሉን እየተከተሉ፣ ሳልጠይቃቸው መተረክ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። ሙሽራይቱ ሆስፒታል ውስጥ ራሷን ስታ ተኝታ፣ ሠራተኛው ገላዋን ለሌላ ሰው የሚሸጥበት ቦታ ደረስን። ፊልሙ ድርጊቱን አያሳይም፤ ሠራተኛው ዋጋና ደንብ ሲዘረዝር ያሰማናል፤ በሲኒማ ቤት የሚሳቅበት ንግግር ነው። የልብስ ሰፊው እጅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደና የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን ፈለገች። አሳየኋቸው። ምስሉ እየሮጠ ሳለ፣ «ይህ ሰው አሁን ይሞታል፤ ያደረገውን አልነግራችሁም» አሉ፣ በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም ሳይኖር። ከዚያ እጃቸውን አነሡና ፊልሙ በራሱ ፍጥነት ቀጠለ። የሰይፉ ትዕይንት ሲደርስ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንባ እስኪያወጡ ሳቁ።